መስኮት የሌለው ክፍል፣ ለሁለት ሰው

ጄኖቫ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዲበኩሉ ልጅ፣ ለዕፀገነት፤

እግዚአብሔር አንቺንም አባትሽንም በጤና ያክርማችሁ። እኔ ከጉልበቴና ከቀኝ ጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ።

መታሰቢያ ነኝ፤ የአባትሽ የአጎት ልጅ። ከጎሬ የወጣሁት አንቺ ሳትወለጂ ስለሆነ ብታውቂኝ በስም ነው። አባትሽ የምረቃሽን ፎቶ ልኮልኝ ሳሎን አቁሜዋለሁ። ጋዋኑ ሰፍቶሻል፤ ዓይንሽ ግን የአያታችን ነው። ያልደወልኩልሽ በስልክ የሚነገረኝን ግማሹን ስለማልሰማው ነው። ወረቀት ይሻለኛል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሳስታምማቸው የኖርኩት አሮጊት ካረፉ ወዲህ ጡረታ ወጥቼ ተቀምጫለሁ። ከቤቴ መስኮት የሽርሽር መርከቦች ሲገቡና ሲወጡ አያለሁ። መርከብ ስልሽ ጀልባ እንዳይመስልሽ፤ ፎቅ በፎቅ ላይ የተሠራ ከተማ ነው። አንድ ጊዜ ብቻዬን ሄጄበታለሁ። ብቻ መሄድ ግን ጥሩ አይደለም። ክፍሉ የሚሸጠው ለሁለት ሰው ነው፤ ብቻውን የሚሄድ የሁለቱንም ይከፍላል፤ ማታ ደግሞ ከማያውቀው ሰው ጋር ገበታ ይቀመጣል። በግንቦት እንደገና ልሄድ ነው። አብረሽኝ እንድትሄጂ እፈልጋለሁ። ለቪዛው ዋስ ሆኜ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ግንቦትን የመረጥኩት ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሳይከር ስለሆነ ነው። ደግሞም በኀምሳው ውስጥ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። መርከብ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ይበላል፤ በጾም ሄዶ ሰላጣ ሲያኝኩ መዋል ኪሳራ ነው። ከጄኖቫ ተነስተን ናፖሊ፣ ፓልማ፣ ባርሴሎና፣ ማርሴይ ደርሰን እንመለሳለን።

ከአሁኑ የምትዘጋጂበትን ልንገርሽ። ወደቡ ላይ ሻንጣሽን ይቀበሉሻል፤ የምታገኚው ማታ ስለሆነ መድኃኒትና ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ያዢ። ፓስፖርትሽንም ይወስዳሉ፤ እስክንመለስ እነሱ ጋ ይቀመጣል። ፎቶ አንስተው ካርድ ይሰጡሻል። ገንዘብ አይሠራም፤ የሚሠራው ካርዱ ነው። ስልክሽን ዝጊው፤ ባሕር ላይ መስመሩ በሳተላይት ስለሚገባ ያከስራል። ክፍላችን ታችኛው ፎቅ፣ መካከል ላይ ነው፤ መስኮት የለውም። ሆን ብዬ ነው የያዝኩት፤ ርካሽ ነው፣ ብዙም አይናወጥም።

ለጊዜው ለብዙ ሰው አታውሪው።

አክስትሽ መታሰቢያ


መቱ፣ ኅዳር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ መታሰቢያ፤

ይህ ደብዳቤ በደስታና በጤና ያግኝዎት። አባቴ በአክብሮት እጅ ነስቷል። እዚህ ዝናቡ አልወጣም ብሎ እስካሁን ጃንጥላ ይዘን ነው የምንዞረው።

ደብዳቤዎን ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ባጃጅ እንኳ ሳልይዝ እስከ ቤት ሮጥኩ። እትዬ፣ የውሃ ምህንድስና ተመርቄ እኮ ከሶር ፏፏቴ ሌላ ትልቅ ውሃ አይቼ አላውቅም! የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር መቆም ሰልችቶኛል፤ ሰሌዳው ላይ የሚለጥፈው ልጅ በስሜ ይጠራኛል አሁን። ባሕር፣ ናፖሊ፣ ባርሴሎና! ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ለጊፍቲም አነበብኩላት። ጊፍቲ ጎረቤቴ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አብረን ነው የጨረስነው። ለብዙ ሰው አታውሪ ብለውኛል፤ ሁለት ሰው ብዙ አይባልም ብዬ ነው።

ጊፍቲ ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቃ በጣቷ ቆጠረችልኝ።

«ሻንጣሽን ይቀበሉሻል። ፓስፖርትሽን ይወስዳሉ። ስልክሽን ትዘጊያለሽ። ገንዘብሽ አይሠራም። መስኮት የሌለው ክፍል፣ ታች። ለሰው አትናገሪ። ላኪ! ተዪው፣ ዕፄ፣ ላኪ! ይሄ ሽርሽር ነው? ቤሩት የሄደችው የአክስቴ ልጅ እንኳ መስኮት ነበራት!»

አባቴ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ካሰበ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «መርከብ ላይ ሰው ቢበደል ዳኛው ማነው? ቀበሌው የት ነው?»

እኔ እንደነሱ አልጠረጠርኩም፤ ደሜ ነዎት። ግን የተማረ ሰው ይጠይቃል። ፓስፖርቴን ራሴ ብይዘው ምን ችግር አለው? መርከቡ ባርሴሎናና ማርሴይ ስንት ሰዓት ይቆማል? ሰው ሲወርድና ሲመለስ የሚቆጥር አለ? ብቻን ከተማ መግባት ይፈቀዳል? ፓስፖርት ሳይዙስ? ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጄኖቫ ውስጥ ይህን ያህል የአገር ሰው እያለ አይተውኝ የማያውቁትን እኔን ለምን መረጡ?

መልስዎን በየቀኑ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ዕፀገነት


ጄኖቫ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለዕፀገነት ዲበኩሉ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። መልሱን ያዘገየው ፖስታው አይደለም። እኔ ነኝ።

ላባትሽ፦ መርከብ ላይ ዳኛው ካፒቴኑ ነው፤ ቀበሌውም እሱው ነው። ለጊፍቲ፦ ፓስፖርቱን የሚይዙት በየወደቡ ለኢሚግሬሽን አንድ ላይ ስለሚያሳዩልን ነው፤ ተሳፋሪው በየቦታው ከመሰለፍ ይድናል። ሻንጣውንም የሚቀበሉት ተሳፋሪው ደረጃ ለደረጃ እንዳይጎትተው ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወደቡ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ሰው ይቆጠር እንደሆነ፣ ብቻን መውጣት ይቻል እንደሆነ፣ ያለ ፓስፖርት ከተማ ይገባ እንደሆነ ጠየቅሽ። ስለ ምግቡ አልጠየቅሽም። ባሕሩ ያጥወለውላል ወይ አላልሽም። እኔ ሰው ሽርሽር ሲጋበዝ መጀመሪያ «ምን ልልበስ?» ሲል ነው የማውቀው።

ያልጠየቅሽውን እኔ ልመልስልሽ። አንድ ማታ ሁሉም ደምቆ የሚለብስበት እራት አለ፤ ለዚያ ቀለል ያለ የሐበሻ ቀሚስ ያዢ። ለቀሪው ቀን ጠፍጣፋ ጫማና የንፋስ ልብስ ይበቃል። ዝንጅብል ከመቱ ገበያ ይዘሽ ነይ፤ ሲያጥወለውልሽ ታኝኪዋለሽ፤ ባዶ ሆድ መሆን ደግሞ ያብሳል። ከምግቡ ጥቂት ጥቂት እያነሱ መመላለስ ነው እንጂ ሳህን መከመር ነውር ነው። የመጀመሪያው ቀን ደወል ይደወላል፤ መርከቡ ሰጠመ ብለሽ እንዳትጮሂ፤ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ መሰለፍ የሚለማመዱበት ነው።

ለጠየቅሽውም ይኸው። በየወደቡ ከጠዋት እስከ ማምሻ ይቆማል። ስትወርጂም ስትመለሺም ካርድሽ ማሽን ላይ ይነካል፤ ስለዚህ ማን እንዳልተመለሰ ይታወቃል። በመርከቡ አስጎብኚ የወጣውን ይጠብቁታል፤ በራሱ የወጣውን ግን ጥለውት ይሄዳሉ። ባለፈው ጊዜ ባልና ሚስት ዕቃ ሲገዙ ዘግይተው ወደቡ ላይ እየሮጡ መጡ። እኛ ከላይ ሆነን እያጨበጨብን ጮህን። መርከቡ አልቆመም።

ለምን አንቺን እንደመረጥኩ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። አንቺ ደግሞ ባርሴሎና ማን እንዳለሽ ንገሪኝ።

መታሰቢያ


መቱ፣ ጥር 27 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእትዬ መታሰቢያ፤

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ሰላምታዬ ቢያጥር ይቅር ይበሉኝ፤ ተናድጃለሁ።

ባርሴሎና ማንም የለኝም። የኳስ ቡድኑን አውቃለሁ፤ እሱም አያውቀኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ጎሬ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆይተው «አካም ጅርታ፣ ልጄ? ባሕር ላይ የምታገቢው አንቺ ነሽ አሉ?» አሉኝ። ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ነው ብዬ ሳቅሁ። ጎሬ ጋሼ ወልደ ማርያም ቤት ስደርስ ሳቄ ጠፋ። ያውቋቸዋል፤ የጎሬን ሰው ትውልድ ከነቅርንጫፉ በቃላቸው የያዙት ሽማግሌ። ከበራፍ ሲያዩኝ ገና ሰላም ሳልላቸው፣

«አይሆንም!» አሉ።

«ምኑ ነው ጋሼ የማይሆነው?»

«ጋብቻው ነዋ! ቆጠርኩት። ሰባት ቤት የት ይሞላል? ሦስተኛው ላይ ትጋጫላችሁ። ይህንን ማንም ቄስ አይባርከውም።»

«እኔና ማን?»

«አንቺና የመታሰቢያ ልጅ!»

«እትዬ መታሰቢያ ወንድ ልጅ አላቸው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ከሌላት ታዲያ ምን ስትል ትጽፍልኛለች? ልጅቱ ጨዋ ናት ወይ፣ ቃሏን ትጠብቃለች ወይ፣ የያዘችው ወንድ አለ ወይ፣ ከቤት ወጥታ አድራ ታውቃለች ወይ! ይሄን የሚጠይቅ ማነው? እህል ነጋዴ ነው?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«አንቺስ ብትሆኚ? ያችን ጊፍቲን ልከሽ የመታሰቢያ ቤት እንዴት ያለ ነው፣ አብሯት የሚኖር ማነው፣ ጠባይዋስ ብለሽ አላስጠየቅሽኝም? ሁለት ወገን በጎን እንዲህ ሲጠያየቅ ሽማግሌ ምን ይበል? ሠርግ ካልሆነ ታዲያ እርስ በርሳችሁ ምን ትሰላለላላችሁ?»

ጊፍቲን የላክኋት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ፈርቼ ነው። ቢሆንም የኔ ጥያቄ ስለ ቤት ነበር። የእርስዎ ስለ ገላዬ ነው። አድራ ታውቃለች ወይ! አሁን መቱም ጎሬም ሙሽራ እያሉ ይጠሩኛል። ቀበሌ መታወቂያ ላሳድስ ስሄድ ጸሐፊዋ «መቼም መርከቡ ላይ ጠጅ አይከለከልም» ብላ ጠቀሰችኝ።

ወንድ ልጅ አለዎት? ከመርከቡ ላይ የሚጠብቀን ሰው አለ? ሁለተኛው አልጋ የማን ነው? እውነቱን ይጻፉልኝ። የእህትዎ ልጅ ብሆን እንዲህ ያስመረምሩኝ ነበር?

ዕፀገነት


ጄኖቫ፣ የካቲት 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለዕፀገነት፤

እግዚአብሔር ቁጣሽን ያብርድልሽ። ወንድ ልጅ የለኝም። ሴት ልጅም የለኝም። ሁለተኛው አልጋ ያንቺ ነው፤ ሌላ ማንም የለበትም። ጋሼ ወልደ ማርያም ለኔም ጽፈውልኛል፤ «ልጅሽን ሌላ ፈልጊለት» ይላሉ። መጀመሪያ ሳቅሁ። የሌለኝን ልጅ ሲከለክሉኝ ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሳቁ ተቋረጠብኝ።

ያስጠየቅሁሽ ገንዘብ ስላልጠየቅሽኝ ነው። ሰምተሽ አትሳቂ። ከጎሬ የሚመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ አንዴ ለቆርቆሮ፣ አንዴ ለሕክምና፣ አንዴ ለሠርግ ይጠይቃል፤ ለምጄዋለሁ፤ ሰው ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። አንቺ ምንም አልጠየቅሽም። የወደቡን ሰዓት ብቻ ጠየቅሽ። ይቺ ልጅ የምትፈልገው ከገንዘብ የሚበልጥ ነው አልኩ። የያዝሽው ወንድ አለ ወይ ያልኩትም ወንዱ አውሮፓ ይሆናል፤ እሱ ዘንድ ለመድረስ መሸጋገሪያ ታደርገኛለች ብዬ ነው። ለኤምባሲው ዋስ ሆኜ እየፈረምኩ እኮ ነው። ብትጠፊ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ዳግመኛ ከጎሬ አንድ ሰው መጋበዝ አልችልም።

ለምን አንቺን ላልሽው፦ ባለፈው ጉዞ የልምምዱን ደወል አልሰማሁትም። ሠራተኞቹ በየክፍሉ ሲያንኳኩ በግራ ጎኔ፣ በደህናው ጆሮዬ ላይ ተኝቼ አገኙኝ። እውነተኛ ደወል ቢሆን ኖሮስ? ደወል የሚሰማልኝ ሰው ያስፈልገኛል። የዚህ አገር ጓደኞቼ ጆሮዬ መድከሙን አያውቁም። ካወቁ ማኅበር ላይ እንደ ሕፃን እየጮኹ ነው የሚያወሩኝ። አልፈልግም። አንቺ ግን አታውቂኝም፤ አላፍርብሽም።

አሁን ጠያቂዋ እኔ ነኝ። በአንድ ቃል መልሺልኝ። ወደብ ላይ ብትወርጂ ትመለሻለሽ?

መታሰቢያ


መቱ፣ መጋቢት 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ መታሰቢያ፤

በያሉበት ጤና ይሁኑልኝ። በአንድ ቃል መልሺ ብለውኛል።

አላውቅም።

«እመለሳለሁ» ብዬ ጽፌ ነበር። ጊፍቲ አንብባ «በጣም ፈጠነ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለኤምባሲው እንደዚያ እላለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ለእርስዎ ግን ደወል አልሰማም ብለው የጓደኞችዎን ያህል እንኳ ለማያውቋት ልጅ ከጻፉ በኋላ ያንን መጻፍ አቃተኝ።

እዚህ ስሆን እመለሳለሁ ብዬ አስባለሁ። ማታ አባቴ ራዲዮ ሲከፍት፣ ጊፍቲ በአጥር ስትጠራኝ የት እሄዳለሁ እላለሁ። ጠዋት ሰሌዳው ሥር ስቆም ግን ሌላ ሰው ነኝ። ማርሴይ ላይ የምትወርደው የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። እርስዎን ሌባ እንዳይሆኑ ስፈራ ከረምኩ፤ ራሴን አልጠረጠርኩም ነበር። ትኬቱን ካልቆረጡ አይቁረጡ። በስሜ ፈርመው ቢጠየቁብኝ አልወድም።

አባቴ ይህን መጻፌን አያውቅም። ቢያውቅ ሞኝ ይለኛል።

ዕፀገነት


ጄኖቫ፣ መጋቢት 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት፤

ትኬቱ ተቆርጧል። ወረቀቱ ኤምባሲ ደርሷል፤ ቀጠሮሽ ከትንሣኤ በኋላ ነው። መታወቂያ፣ የምረቃ ዲፕሎማ፣ የአባትሽን የቤት ካርታ ይዘሽ ቅረቢ።

አሁንም አላምንሽም። ግን አላምንሽም ብዬ ሰባት ቀን እጅሽን ይዤ መዞር ጉልበቴ አይችልም። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ናፖሊ፣ ፓልማና ባርሴሎና አብረን እንወርዳለን፤ እጠብቅሻለሁ፤ አትቀየሚኝ። ማርሴይ የመጨረሻዋ ወደብ ናት። እዚያ እኔ አልወርድም። ፓስፖርትሽን ከእንግዳ መቀበያው ጠይቄ በእጅሽ እሰጥሻለሁ። መርከቡ የሚነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ መግቢያው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል። ያኔ የትኛዋ እንደሆንሽ ሁለታችንም እናውቃለን።

ስልክሽንና ሰዓትሽን በመርከቡ ሰዓት ሙዪ። መንገደኛ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

መታሰቢያ


ማርሴይ፣ ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእትዬ መታሰቢያ፤

እርስዎ ከእኔ ግማሽ ሰዓት መንገድ ርቀው ተቀምጠው ደብዳቤ መጻፌ ያስቅ ይሆናል። ፊት ለፊት ይህን ማውራት አልችልም። በደህናው ጆሮዎ በኩል እንኳ ብቀመጥ አልችልም።

ዛሬ ጠዋት ፓስፖርቱን አልጋዬ ላይ አስቀምጠው «ኮት ያዢ፣ ንፋስ አለ» ብቻ አሉኝ። ወደ ግድግዳው ዞረው ሻንጣ መሸከፍ ጀመሩ። ሻንጣው ከትናንት ጀምሮ ተሸክፎ ነበር እኮ።

ከወደቡ በአውቶቡስ ወደ ከተማው ገባሁ። ሦስት ጊዜ ዞሬ አየሁ። አንድ ባለ ሰማያዊ ኮፍያ ሰውዬ በሄድኩበት የሚሄድ መሰለኝ፤ የላኩብኝ መስሎኝ ወደ አንድ ሱቅ ገብቼ አሳለፍኩት። ለካ እሱም የመርከቡ መንገደኛ ነው፤ ጠፍቶት እኔን እየተከተለ ነበር። «መርከቡ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በእጄ አሳየሁት። አመስግኖኝ ሄደ።

እኔ አልሄድኩም። አሮጌው ወደብ ዳር ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ባቡር ጣቢያው ሽቅብ ነው፤ አውቶቡሱ ላይ ሳልጠይቀው አንዱ ነገረኝ። ከሲጋራ መሸጫ ቴምብር ገዛሁ፤ ጄኖቫ ቤትዎ ድረስ የሚያደርስ። እውነቱን ልንገርዎት፤ ይህ ደብዳቤ ሲጀመር የስንብት ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩትን ገጽ ቀድጄዋለሁ። «ይቅር ይበሉኝ፤ ሌላ ዕድል አላገኝም» ይል ነበር። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ ራሴን አስለቅሶኛል።

ከዚያ አድራሻዎን ልጽፍ ፖስታውን ሳገላብጥ፣ መርከቡ ሲነሳ ከላይ ሆኖ የሚያየኝ ሰው ማን እንደሚሆን አሰብኩ። የእነዚያ ባልና ሚስት ጊዜ ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ነበር አሉኝ። እኔ ብቀር የሚያጨበጭብ አይኖርም። እርስዎ አሉ፤ ካርዴ አልነካም ብለው የሚነግሩዎት ሰዎች አሉ። ከዚያ በኋላ ከመቱም ከጎሬም የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ የኔን ፊት ይዞ ይመጣብዎታል። ጊፍቲ በሚቀጥለው ዓመት ለትምህርት ልታመለክት ነው። እሷም ዋስ ትፈልግ ይሆናል።

መልአክ ሆኜ አይደለም። ተናድጄብዎታለሁ። ናፖሊ ሽንት ቤት ስቆይ በሩን ያንኳኩት ነገር አይረሳኝም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ባርሴሎና ላይ ቦርሳዬን «ልያዝልሽ» ያሉት ለምን እንደሆነም ገብቶኛል። እንደ ሌባ ሲጠበቁ መክረም ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ። እርስዎም ያውቃሉ፤ እኔም ወደ መርከቡ ከመግባታችን በፊት፣ ጄኖቫ ቤትዎ ሳለን፣ በሩ ከውስጥ ይከፈት እንደሆነ ቁልፉን ስሞክር አይተውኛል።

ከዚህ ብሄድ በመስኮት እንደወጣሁ ነው። መሄዴ አይቀርም፤ አንድ ቀን እሄዳለሁ። ሥራ እፈልጋለሁ፣ የማስተርስ ትምህርት አመለክታለሁ፣ እንዲያውም ሁለቱንም። ስሄድ ግን ፓስፖርቴን ማንም በአልጋ ላይ ሳያስቀምጥልኝ፣ ማንም ወደ ግድግዳ ሳይዞርብኝ ነው።

ንፋሱ ወረቀቱን እየነጠቀኝ ነው። ቴምብሩን አልለጠፍኩትም። ሰዓቱ ቀርቧል፤ አውቶቡሱም መጥቷል።

ደብዳቤው በፖስታ አይመጣም፤ ይዤው እየመጣሁ ነው። እራት ላይ ያንብቡት፤ እኔ ሳህኔን እያየሁ እቀመጣለሁ።

ዕፀገነት